የማይታጠበው ነጥብ

እማማ ጥሩሸዋ የሞቱት ቅዳሜ ነው፤ የተገኙት ግን እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። ጎረቤታቸው ብርነሽ ጸበል ልታደርስላቸው በሩን ብታንኳኳ የሚመልስ አጣች፤ ገፋ ብታደርገው ተከፈተ። የመሐል ሜዳን ፖሊስ ከቁርሱ ያስነሣው የእሷ ጩኸት ነው።

ኢንስፔክተር ምንተስኖት ሲደርስ ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሣም፤ ደጃፉ ላይ የተሰበሰበው ሰው ካልቀረቡት አይለይም። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ብርድ ያገለገለ ሰው ነው፤ ሬሳ አዲስ አይሆንበትም። እንዲያም ሆኖ ደፉን ሲሻገር አማተበ። ቤቱ በሽታ የገባበት ሰው ሞትን የትም ሲያየው «ወደኔ ልትመጣ ነው?» ማለቱ አይቀርም።

አሮጊቷ በጀርባቸው ተዘርረዋል። ማጅራታቸው ከወፍጮው ድንጋይ ጠርዝ ጋር ተላትሟል፤ ደሙ ጠቁሯል። አንገታቸው ላይ ያለው የብር መስቀል አልተነካም። ሁለት በርጩማ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ከአንደኛው አጠገብ ግማሹ የተጠጣ ጠላ አለ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የመንዝን ሴት አንገትና ድድ የነቀሱበት መርፌ ከነጥላሸቱ መሬት ላይ ተበትኗል።

«ተንሸራተው ይሆናል» አለ ሳጅን ወልደ አማኑኤል። ረጅም፣ ደግ፣ ነገር ቶሎ አልቆ ቤቱ መግባት የሚወድ ሰው ነው። «ሰባ ስምንት ዓመት ቀልድ ነው እንዴ?»

«ጣታቸውን እየው።»

የቀኝ እጃቸው ጣቶች እስከ ጥፍራቸው ሥር ድረስ ወይን ጠጅ ቀለም ነክቷቸዋል።

«የመርፌያቸው ቀለም ነዋ።»

«የመርፌያቸው ቀለም ጥላሸት ነው፤ ጥቁር። ይሄ ከእንግዳው የመጣ ነው። ጠላ ቀድተውለት፣ ተቀምጦ ከጠጣው እንግዳ።»

ብርነሽን አጥሩ ሥር አገኛት። ዓይኗ አብጧል።

«ቅዳሜ ሰው መጥቶባቸው ነበር?»

«ሰባት ሰዓት ገደማ የወንድ ድምፅ ሰምቻለሁ። ጓሮ ስለነበርኩ ማንነቱን አላየሁም። የእማማን ግን ለይቻለሁ፤ ‹እጄ አይስትም!› አሉ፣ ሁለት ጊዜ። ተቆጥተው ነበር።»

«ከሰው ይጣሉ ነበር?»

ብርነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። «ተክለጻድቅ ነዋ። አርብ አመሻሽ፣ ቧንቧው ጋ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ‹እናቴን ገደልሻት፤ ያንን እጅሽን ነው የምቆርጠው› አላቸው። አንቺ ብሎ እኮ ነው! የእናቱን እኩያ!»

«እናቱን ምን አደረጓቸው?»

«እሱ የሴት ነገር ነው» አለችና ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ ቢለምናትም አልተነፈሰችም።

*

ተክለጻድቅን ለመያዝ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም፤ በጎቹን በረት ውስጥ እየቆጠረ ነበር። ጣቢያ አምጥተው ሲያስቀምጡት መጀመሪያ የታዘዘው እጁን እንዲዘረጋ ነው። የገበሬ እጅ ነው፤ የተሰነጣጠቀ፣ የተጨማደደ። ወይን ጠጅ የሚባል ግን የለበትም።

«ቅዳሜ የት ዋልክ?»

ዝም።

«እሺ፣ አርብ ለምን ዛትክ?»

«ተናድጄ ነዋ! ከጨረር ሕክምናው ቦታ ደወሉልኝ። ‹የእናትህ ነጥብ ቦታውን ስቷል፤ ያቺ ነቃሽ ያለ ቦታው ወግታቸው ጨረሩ ጤነኛ ገላቸውን እየጠበሰው ነው› አሉኝ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይላሉ?»

ምንተስኖት ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። ከዚህ አገር ለጨረር የሚሄደው ሰው የሚሄደው ደብረ ብርሃን ወደተከፈተው «ፀዳል» ወደሚባለው ማዕከል ነው። የገዛ ሚስቱ ጽናትም ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሰኞ ሄዳ አርብ የምትመለሰው ወደዚያው ነው። ግራ ጡቷ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የቀረውን የካንሰር ዘር ጨረሩ ያቃጥለዋል ተብሏል።

«ነጥብ ያልከው ምንድን ነው?» ድምፁ እንዳይለወጥ እየተጠነቀቀ ጠየቀ።

«ደረታቸው ላይ በማርከር ያሰምሩላቸዋል። ጨረሩ የሚያርፈው በሱ ተለክቶ ነው። ‹እንዳይጠፋ፣ ውሃ እንዳይነካው› ይሏቸዋል። የኛ እናቶች ደግሞ ታመው ጸበል ሊተዉ ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠመቃሉ። እና እማማ ጥሩሸዋ መስመሩ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርገው ይነቅሱላቸዋል። ማርከሩ ቢለቅ ነጥቡ አይታጠብም።»

«ማርከሩ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ወይን ጠጅ።»

ሳጅኑ ውጭ ጠበቀው። ፊቱ በርቷል። «አለቀ እኮ! ዝቷል፣ ምክንያት አለው፣ የዋለበትን አይናገርም። ቀለሙም ከእናቱ የመጣ ነው።»

«አርብ ‹እጅሽን እቆርጣለሁ› ላላቸው ሰው ቅዳሜ ጠላ ይቀዱለታል?»

ወልደ አማኑኤል ጆሮውን አከከ። «ለእርቅ መጥቶ ይሆናላ።»

«ይሆናል። አቆየው» አለና ምንተስኖት ወደ ቤቱ አቀና፤ መንገዱን ግን አላየውም። የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

*

ጓሮ ገመዱ ላይ የጽናት ልብስ ተሰጥቷል። ከነጭ የውስጥ ልብሷ ላይ፣ ከደረቱ መካከል፣ አንድ ጣት የሚያህል ወይን ጠጅ መስመር አለ። ታጥቦ ታጥቦ ደብዝዟል እንጂ አልለቀቀም።

«ምን ታያለህ?» አለችው ከኋላው።

«እማማ ጥሩሸዋ ጋ ሄደሽ ነበር?»

ጽናት እንደመቀመጥ አለች። የአሮጊቷን መሞት ሰምታለች፤ ስታለቅስ ነው የዋለችው። «በመጀመሪያው ቅዳሜ። ሦስት ሆነን ነው የሄድነው፤ እኔ፣ የተክለጻድቅ እናትና አንዲት የግሼ ሴት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን ልንገርህ? የት እንደሆነ ልታይ ነው?»

ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ጽናት ልብሷን የምትለውጠው ጀርባዋን ሰጥታው ነው፤ እሱም እንዳላየ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም ደግነት እያሉት ከረሙ እንጂ ፍርሃት ነበር።

«መስመሩ ላይ ነው የወጉሽ? ፈቀቅ አላለም?»

«ልክ መስመሩ ላይ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው። ‹ሐኪሞቹ ያሰመሩትን እኔ ዝንፍ አላደርግም፤ ኃጢአት ነው› እያሉ።» የቀሚሷን ቁልፍ አንድ ብቻ ፈታችና የደረቷን አጥንት አሳየችው። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ። ወዲያው ሸፈነችው። «ምን ሆነሃል ምንቴ? አስፈራኸኝ።»

ተክለጻድቅ ያለውን ነገራት። ጽናት ከሰማች በኋላ እጇን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«ነገ አትሂጂ» አላት።

«አሥራ አራቱን ጨርሻለሁ፤ አሥራ አንድ ይቀረኛል። አትናቴዎስ ምን እንዳለን ታውቃለህ? ‹መሃል ላይ አቋርጣችሁ እንዳትቀሩ፤ የተረፈው ያንሰራራል›። ከቀረሁ በሽታው ይነሣል፤ ከሄድኩ ደግሞ የት እንደሚመታኝ አላውቅም።» ድምጿ ተሰበረ። «አንተ ፖሊስ ነህ፤ ምረጥልኛ!»

አትናቴዎስ ማሽኑ ላይ የሚያስተኛቸው ባለሙያ ነው። ጽናት ስሙን ሳታመሰግን አንሥታው አታውቅም፤ እህቴ ይላታል፣ ስትበርዳት ብርድ ልብስ ያለብሳታል።

ምንተስኖት ዞን ላለው አዛዡ ደወለና የሚስቱን ነገር ሳይደብቅ ተናገረ። አዛዡ ተነፈሰ። «እስከ ማክሰኞ የምልከው ሌላ መርማሪ የለኝም። ያዘው። እሷን የሚመለከተውን ማስረጃ ግን ብቻህን እንዳትነካ፤ ሌላ ፖሊስ ይኑር።»

*

ሰኞ ማለዳ ሦስቱም ሴቶች በባድሩ ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ ምንተስኖት ጋቢና ገባ። የተክለጻድቅ እናት በልጃቸው መታሰር አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ኢንስፔክተሩን ቀና ብለው አላዩትም። የግሼዋ ሴት መቁጠሪያዋን ታንከባልላለች። ባድሩ ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጠ፣ ስለ መንገዱ መንግሥትን እየረገመ ነዳ። ከታች ቆላ የመጣ የነጋዴ ልጅ ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ብርዱን አልለመደውም።

«ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ማንን አመጣህ?»

«ያው ነጋዴ፣ ተማሪ... አንድ ሰው ግን ነበር። የአፍ መሸፈኛ ያደረገ፣ ከተማ ቀመስ። መናኸሪያ ሳንደርስ ኩርባው ላይ አውርደኝ አለኝ።»

ከኩርባው እማማ ጥሩሸዋ ቤት ድረስ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

«ከዚያስ?»

«ስምንት ሰዓት ስመለስ እዚያው ቆሞ ያዘኝ። ወላሂ፣ በሽተኛ ነው ብዬ ነበር፤ ይንቀጠቀጣል። የሸሚዝ ኪሱ ተቀዷል፤ ብዕር ፈሶበት ወይን ጠጅ ሆኗል። ‹ይሄ አይለቅም ወንድሜ› ብለው አላየኝም።»

«ብታየው ትለየዋለህ?»

«ዓይኑን ብቻ ነው ያየሁት። ባልዋሽ ይሻላል።»

ጣርማ በር ላይ ሲደርሱ ሳጅኑ ደወለ። «ተክለጻድቅ ተናገረ። ቅዳሜ ራቤል፣ አንድ ጠንቋይ ቤት ነበር፣ ስለ እናቱ ሊጠይቅ። ዲያቆን ስለሆነ አፍሮ ነው የደበቀው። አጣርቻለሁ፤ እዚያ ሲውል ያዩት ሦስት ሰዎች አሉ።»

ምንተስኖት ወደ ኋላ ዞር ብሎ ለእናቲቱ ልጃቸው ሊፈታ መሆኑን ነገራቸው። እያለቀሱ የመረቁት ምርቃት ለእሱ አልደረሰውም፤ ቀና ብሎ ያየው ጽናትን ነበር። ገዳዩ ከመንዝ አይደለም። ያለው እሷ በምትሄድበት ነው።

*

«እህቴ ጽናት!» አለ አትናቴዎስ፣ በሩ ላይ ተቀብሎ። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ፊቱ ደግ፣ ጋዋኑ ከበረዶ የነጣ። የአሮጊቷን ሞት ሲሰማ እጁን በግንባሩ አደረገ። ምንተስኖትን ቢሮው አስገብቶ ወንበር ሳበለት።

«እውነቱን ልንገርዎት ኢንስፔክተር፤ የፈራሁት ደረሰ። እዚህ የምንሠራው በሚሊ ሜትር ነው። ጨረሩ ጣት ያህል ከሳተ፣ በሽታውን ትቶ ልብ ወይ ሳንባ ያገኛል። በአሮጌ መርፌ የሚወጋ ነጥብ እንዴት ይታመናል? ክፋት አልነበራቸውም፤ ግን ነጥቡን አዛብተውታል። አንዱ ቤተሰብ ተቆጥቶ ይሆናል።»

«ለተክለጻድቅ የደወሉለት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፤ ግዴታዬ ነው።»

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፤ ማሽኑን ስፈትሽ ዋልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተራዬ ነው።» ሳይጠየቅ መዝገቡን አወጣ። የቅዳሜው ገጽ በቁጥር ተሞልቶ ከሥሩ ፊርማው አለ።

ሁሉም ነገር ልክ ነበር። ንግግሩም፣ ሐዘኑም፣ መዝገቡም። ምንተስኖት ያን ሰው ማመን ፈለገ፤ ሚስቱን በየቀኑ የሚያስተኛት ሰው ነውና ክፉ ባይሆን ነው የሚሻለው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ግን ትዝ አለው።

ከውጭ «ጽናት!» ብሎ የሚጠራ ድምፅ ተሰማ። ተራዋ ደርሷል።

«ልሂድ» ብሎ አትናቴዎስ ተነሣ። «አይጨነቁ፤ እኔ አለሁ።»

ምንተስኖት ሳያስበው በሩ ላይ ቆመ። «ዛሬ ማንም አይተኛም።»

«ያልተኙበት ቀን ይጎዳቸዋል ኢንስፔክተር! ሚስትዎን እርስዎ ራስዎ ሊጎዷት ነው?»

ልክ ይሆን እንዴ? ይህንኑ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያላምጠው አድሯል። በሩን ሳይለቅ እንደቆመ፣ ከጀርባው አንዲት ሴት «ትክክል ነው፤ ዛሬ እኔ ሳልለካ ማንም አይተኛም» አለች።

ሪሐና ትባላለች፤ የዓለም ከተማ ነጋዴ ልጅ፣ ሂጃቧን አጥብቃ ያሰረች፣ ስትናገር የማትቸኩል። ጨረሩ የት መድረስ እንዳለበት የምታሰላ የፊዚክስ ባለሙያ ናት። ማዕከሉን ከተቀላቀለች ገና ወሯ ነው፤ የመጣችውም አሠራሩን እንድታጠራ ነው።

*

ሦስቱን ሴቶች አንድ በአንድ አስተኝታ ጨረር ሳትለቅ ምስል ብቻ አነሣች። ከደብረ ብርሃን ጣቢያ የተጠራች ሴት ፖሊስ አብራ ገባች። ምንተስኖት ኮሪደሩ ላይ ተንጎራደደ፤ አትናቴዎስ ከቢሮው አልወጣም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሪሐና ጠራችው። ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት ፋይል ተዘርግቷል። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሦስቱም ስተዋል» አለች። «የባለቤትዎ ሁለት ሳንቲ ሜትር። የእናትዬዋ አንድ ነጥብ አራት። የግሼዋ አንድ።»

«እጃቸው ስቷል ማለት ነው? የአሮጊቷ?»

«እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ቆይ ግን ይዩት። የሳተ እጅ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን ነው የሚስት። ይሄ እንደዚያ አይደለም።» ጣቷን ፋይሉ ላይ አሳረፈች። «እያንዳንዷ ታማሚ መጀመሪያ ስትመጣ ‹ከዚህ ምልክት ይህን ያህል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ገፍታችሁ አሰምሩ› የሚል ትእዛዝ ይጻፋል። ለባለቤትዎ የተጻፈው አንድ ሳንቲም ወደ ግራ ነው። ነጥቡ ያለው አንድ ሳንቲም ወደ ቀኝ ላይ ነው። ልዩነቱ?»

«ሁለት።»

«ለእናትዬዋ ዜሮ ነጥብ ሰባት ወደ ቀኝ ተጽፏል፤ ያለው ዜሮ ነጥብ ሰባት ወደ ግራ። የግሼዋም እንደዚያው። ሦስቱም የፋይላቸው ቁጥር ልክ እጥፍ ነው የሳቱት፤ ሦስቱም በተቃራኒው አቅጣጫ። አሮጊቷ ይህን ፋይል አይተውት ያውቃሉ?»

«ፊደልም አልቆጠሩ።»

«እንግዲያው እሳቸው አልሳቱም። የተሰመረላቸውን ነው የወጉት። ያሰመረው ሰው ከታማሚዋ እግር በኩል ፊት ለፊት ቆሞ፣ የራሱን ቀኝ የሷ ቀኝ አድርጎ ቆጥሯል።» ውሃ ጠጣች። «ማንም ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ምስል አንሥቶ ማረጋገጥ ግዴታ የሆነው። ፋይሉ ላይ ‹ምስል ተነሥቷል› ተብሎ ተፈርሟል። ማሽኑ ውስጥ ግን ምስል የለም።»

«የማን ፊርማ ነው?»

ገጹን አዞረችለት። ቅድም መዝገቡ ላይ ያየው ፊርማ ነው።

ምንተስኖት «ነጥባቸውን መለካት የጀመራችሁት መቼ ነው?» አለ።

«ዛሬ። ‹ሰኞ የሁሉንም ምልክት እንደገና እለካለሁ› ብዬ አርብ ጠዋት በስብሰባ ተናገርኩ።»

«አትናቴዎስ ለተክለጻድቅ ‹ነጥቡ ስቷል› ብሎ የደወለው አርብ ነው። ማንም ሳይለካው እንዴት አወቀ?»

ሪሐና ኮምፒውተሯን ከፈተችና የማሽኑን የራሱን መዝገብ አወጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ማሽን ደግሞ ያልያዘውን አይጨምርም። ቅዳሜ ዕለት ማሽኑ አልበራም። በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት የቅዳሜ ቁጥሮች የአርብ ናቸው፤ እንዳሉ ተገልብጠዋል።

*

ምንተስኖትና ሴቷ ፖሊስ ሲገቡ አትናቴዎስ ተቀምጦ ነበር። ሦስቱን ፋይሎች በምንተስኖት እጅ ሲያይ ክርክሩን ገና ሳይጀምር ተወው።

«ሌሎቹን አስተካክያለሁ» አለ። «ስድስት ነበሩ። ቀለም ስለሆነ አጥፍቼ በትክክለኛው ላይ አሰመርኩላቸው፤ ልብ አላሉም። የመንዞቹ ሦስቱ ግን አልለቅ አሉ። መስመሩን ባዛውረው ‹ነጥባችን እኮ እዚህ ነው› ይላሉ። ያ ነጥብ ከተፈተሸ የኔ ጥፋት ቆዳቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል።»

«ለምን ሄድክባቸው?»

«‹እጄ ስቶ ነው በሉልኝ› ብዬ ልለምናቸው። ጠላ ቀዱልኝ፤ ‹የልጆቼ ሐኪም› አሉኝ። ነገሩን ሲሰሙ ተነሡ። ‹እጄ አይስትም! ልጆቼን በተሳሳተ ቦታ እያስተኛሃቸው ነው ወይ? ና፣ ፖሊስ ፊት› ብለው ኪሴን ያዙ፤ ማርከሩ እጃቸው ላይ ተሰበረ። ገፋኋቸው። መግፋት ብቻ ነው ያሰብኩት...» ፊቱን ሸፈነ። «ሲሞቱ ግን... እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ነገሩ በሳቸው ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩ።»

«ስህተቱን ያወቅኸው መቼ ነው?»

«ያለፈው ሰኞ። ሪሐና ስለ አቅጣጫ ስታስተምረን።»

«ካወቅህ በኋላ ጽናትን አስተኝተሃታል?»

«አዎ።»

«ስንት ቀን?»

«አራት።»

የምንተስኖት እጅ ጠረጴዛውን ጨበጠ። በሥራ ዘመኑ ተጠርጣሪ ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም። አሁንም አላነሣም፤ ከክፍሉ ወጣ። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር። ብርድ ልብስ እያለበሰ አራት ቀን ያስተኛት ሰው ነው ያስፈራው።

*

ነጥቡ ማስረጃ ነው፤ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ መነሣት አለበት። ሴቷ ፖሊስ ካሜራውን ስታዘጋጅ ጽናት «እሱ ያንሣው» አለች። «አንቺ አጠገቡ ቁሚና ፈርሚ። እሱ ያንሣው።»

ልብሷን አወረደች፤ ጀርባዋን አልሰጠችውም። ምንተስኖት ጠባሳውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው፤ ከብብቷ እስከ ደረቷ አጥንት፣ ዙሪያው በጨረር የጠቆረ። ማስመሪያውን አስጠጋ። ሦስት ጊዜ ነው ያነሣው።

«ልቤን ነክቶታል?» አለችው።

ሪሐና ነግራዋለች፤ መዋሸት ይችል ነበር። «አዎ። የልብሽን ጠርዝ።»

«ስንት ቀን?»

«አሥራ አራት። አራቱን እያወቀ።»

ጽናት ቁልፎቿን ቆለፈች፤ አንዱን በስህተት፣ ፈታ እንደገና። «ምን ይሆናል?»

ሪሐና በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አሁን የሚታወቅ አይደለም። ልብሽን ለዓመታት እንከታተላለን። ያልተነካውን ቦታ ከዛሬ ጀምሮ መምታት አለብን፤ ስሌቱን እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ ከሐኪሙ ጋር ተስማምተናል። ከእንግዲህ በየቀኑ ምስል ሳይነሣ ጨረር አይለቀቅም። ምስሉን አይቼ የምፈርመው እኔ ነኝ።»

«ፊርማ አልፈልግም» አለች ጽናት። «ምስሉን አሳዪኝ።»

አመሻሽ ላይ አስተኟት። ክንዷን ከራሷ በላይ አደረገች። ምንተስኖት ጨረሩ ሲለቀቅ ከሚዘጋው ወፍራም በር አጠገብ ቆመ። ማሽኑ ዙሪያዋን ቀስ ብሎ ዞረና ቆመ። ሪሐና «አትንቀሳቀሺ፤ በዓይንሽ ብቻ እዪ» ብላ ስክሪኑን ወደሷ አዞረችው።

«የቱ ነው ልቤ?»

«ይሄ፣ ግራጫው።»

«ጨረሩስ?»

«ከዚህ መስመር ወዲህ ነው። አያልፍም።»

ጽናት ረጅም ጊዜ አየች። ሪሐና አላጣደፈቻትም። በግራጫውና በመስመሩ መካከል ጠባብ ነጭ ክፍተት ነበር፤ የጣት ውፍረትም አይሞላ።

ምንተስኖት ሊገባ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር። ጽናት አየችውና በጭንቅላቷ እንዳይመጣ ነገረችው።

«በሩን ዝጉት» አለች።